ጉርድ ቀሚስ፣ ሽርጥ እና የቫይኪንጎቹ ሸሚዝ

የእንግሊዝኛዎቹ ሸርት (ሸሚዝ) እና ስከርት (ጉርድ ቀሚስ) አንድ ቃል ናቸው። የሚመሳሰሉ ቃላት ማለቴ አይደለም፤ አንድ ቃል። ዛሬ አንዱ ከወገብ በላይ፣ ሌላው ከወገብ በታች ይለበሳል። ልብስ ቤት ስትገቡ አንዱን በወንዶች በኩል፣ ሌላውን በሴቶች በኩል ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። የዛሬ ሺህ ዓመት ግን ሁለቱም የአንድ ልብስ ስም ነበሩ። በእንግሊዝና በዴንማርክ መካከል ካለው ባሕር ወዲህና ወዲያ ያሉ ሰዎች በየአፋቸው ጠሩት፣ ያን ያህል ነው ልዩነቱ።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በሽርጥ በኩል ነው። ሶሻል ሚዲያ ላይ በየጊዜው የሚዞር የፖስት ዓይነት አለ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጻፋል፣ ከጎኑ የሚመስለው የአማርኛ ወይም የግዕዝ ቃል ይቀመጣል፣ ከሥሩ "ከእኛ የወሰዱት ነው" ይባላል። ሽርጥ እና ሸርት ለዚህ በጣም የተመቹ ናቸው። ድምፃቸው ያው ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ልብስ ናቸው። ጀርመኖች ደግሞ ምግብ ሲሠሩ ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን ሽርጥ "ሽዩርትሰ" ይሉታል፤ ትርጉሙም ድምፁም ገጠመ። ይህን አይቶ ያመነ ሰው አልፈርድበትም። እኔም መጀመሪያ ሳየው ልቤ ዘሎ ነበር።

ግን ዘመድ አይደሉም። ለምን እንዳልሆኑ ማወቁ ብዙ ይጠቅመናል፣ ምክንያቱም ሽርጥን ከሸርት የሚለየው መንገድ ራሱ ነው ሸሚዝን ከቀሚስ የሚያገናኘው፤ ይሄኛው ዝምድና ደግሞ እውነተኛ ነው።

ከእንግሊዞቹ ልጀምር። እንግሊዝኛ ከጀርመንኛ፣ ከደች፣ ከዴንማርክኛና ከአይስላንድኛ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። በዚያች እናት ቋንቋ ይሄ ልብስ ስሙን ያገኘው "አጭር" ከሚለው ቃል ነው፣ "አጭር" ደግሞ "መቁረጥ" ከሚል ሥር የወጣ ነው። ከረጅሙ ካባ ጋር ሲተያይ ያጠረ፣ የተቆረጠ ልብስ ማለት ነው። ከዚያ ሥር የበቀሉትን ሌሎች ቃላት እኛም በየቀኑ አፋችን ውስጥ እናዞራቸዋለን። "ሾርት" አጭር ነው። "ሼር አድርጉ" ስንል ሼር መነሻው ቆርጦ ማካፈል ነው፤ የባንክ ሼር የገዛ ሰውም የገዛው ከትልቁ የተቆረጠ ድርሻ ነው። የኳስ ስኮር ደግሞ ድሮ ቁጥር ለመያዝ እንጨት ላይ የሚቆረጥ ምልክት ነበር። ሸርት፣ ሾርት፣ ሼር፣ ስኮር። አራቱም ከአንድ መቀስ ሥር የወጡ ናቸው።

ሦስቱ በ"ሽ" ሲጀምሩ ስኮር ግን በ"ስክ" እንደሚጀምር አያችሁ? ታሪኩ ያለው እዚያች ትንሽ ልዩነት ውስጥ ነው።

በእናት ቋንቋቸው ድምፁ "ስክ" ነበር። እንግሊዞቹ ከጊዜ በኋላ "ስክ"ን ወደ "ሽ" ለወጡት። ባሕር ማዶ ያሉት ዘመዶቻቸው ይዘውት ቀሩ። ዛሬም እንግሊዝ ዓሣን "ፊሽ" ሲል ዴንማርክ "ፊስክ" ይላል። መርከብ ለአንዱ "ሺፕ" ነው፣ ለሌላው "ስኪብ"። ጫማ "ሹ" እና "ስኮ"። ሸሚዝ "ሸርት" እና "ስክዮርተ"። ነገሩ አንድ ሁለት ቃል ላይ የታየ አጋጣሚ ቢሆን ማንም አያምነውም ነበር፤ ግን ቃል በጨመርን ቁጥር ያው ልዩነት በያው ቦታ ይመጣል። የቋንቋ ሊቃውንት ዝምድናን የሚያረጋግጡት በዚህ ነው። ልዩነቱ ራሱ ሥርዓት ካለው ዘመዶች ናቸው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። ግዕዝ "ሤጠ" ያለውን እኛ ሸጠ አልነው። "ሢበት" ሽበት ሆነ። "ሢመት" ሹመት ሆነ። "ሰ" ወደ "ሸ" የዞረችው ዝም ብላ አይደለም፤ ከ"ኢ" ወይም ከ"ኤ" ጋር ስትገናኝ ነው። ደግሞ ሹመት ስላለን ሲመትን አልጣልነውም። ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሹመት ያገኛል፣ ለፓትርያርክ ወይም ለፕሬዚዳንት ሲሆን ግን በዓለ ሲመት እንላለን። አንድ ቃል ሁለት መልክ ይዞ፣ ለሁለቱም ሥራ ተገኝቶላቸው ይኖራሉ። አንዱ ከአያት ወደ ልጅ በአፍ ሲወርድ ድምፁ ተለወጠ፣ ሌላው በመጽሐፍ በኩል እንደነበረ ቆየ።

ሸርት እና ስከርት ልክ እንደ ሹመትና ሲመት ናቸው። ለእንግሊዞቹ ግን አሮጌውን መልክ መልሶ ያመጣላቸው መጽሐፍ አልነበረም። ጦር ነው ያመጣው።

እ.ኤ.አ. በ793 ቫይኪንጎች፣ ከእነ ዴንማርክ በመርከብ የሚመጡት ጦረኞች፣ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ ላይ የነበረውን የሊንዲስፋርን ገዳም ዘረፉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እየመጡ ይዘርፉና ይመለሱ ነበር። በ865 ግን ትልቅ ጦር ይዘው መጡና ለመቅረት ወሰኑ። በ878 በደቡብ እንግሊዝ የነበረችው የዌሴክስ ንጉሥ አልፍሬድ ኤዲንግተን ላይ አሸነፋቸው። መሪያቸው ጉትሩም ተጠመቀ፣ የክርስትና አባት የሆነውም ያው ያሸነፈው አልፍሬድ ነው። ከዚያ ድንበር ተካለሉ። ሰሜኑና ምሥራቁ የዴንማርኮች ሕግ የሚሠራበት አገር ሆነ፣ ዴንሎው ይባላል፤ ትልቁ ከተማቸው ዮርክ ነበረች።

እዚያ ዘማቹ ገበሬ ሆነ። መሬት ያዘ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ገበያ ወጣ። ሁለቱ ቋንቋዎች የቅርብ ዘመድ ስለነበሩ ሰዉ በግምትም ቢሆን ይግባባ ነበር። ለዚህ ነው ወደ እንግሊዝኛ የገቡት ቃላት የጓዳ ቃላት የሆኑት። ቢላዋው ናይፍ፣ እንቁላሉ ኤግ፣ መስኮቱ ዊንዶው፣ ባልየው ሀዝባንድ፣ ቆዳው ስኪን፣ ሁሉም የመጡት ከቫይኪንጎቹ ነው። "እነሱ" የሚለው ዘይ እንኳ ከእነሱ የመጣ ነው። ይሄ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሰው የዕቃ ስም ከጎረቤት ይዋሳል፣ "እነሱ" የሚለውን ግን የሚወስደው አብሮ ሲኖር፣ ሲጋባ፣ ልጆቹ በአንድ ግቢ ሲያድጉ ነው። የቦታ ስሞችም ቀርተዋል። ደርቢ፣ ዊትቢ፣ ግሪምስቢ፤ መጨረሻቸው ላይ ያለው "ቢ" መንደር ማለት ነው። የሸገር ደርቢ ስንል የምንጠራው ደርቢም መነሻው ይሄው የቦታ ስም ነው።

ከእነዚህ ጋር የቫይኪንጎቹ የሸሚዝ ስም "ስኪርታ"ም ገባች። እንግሊዞቹ በ"ሽ" የሚጀምር የራሳቸው ቃል ነበራቸው፣ አሁን በ"ስክ" የሚጀምረው ደግሞ መጣ። ልብሱ አንድ፣ ስሙ ሁለት። ቋንቋ እንዲህ ትርፍ ሲያገኝ ወይ አንዱን ይጥላል ወይ ሥራ ያካፍላቸዋል፣ እንግሊዝኛ ደግሞ አካፈላቸው። በ1300 አካባቢ ስከርት የሴት ልብስ የታችኛው ክፍል ስም ሆኖ እናገኘዋለን። የዚያ ዘመን ሸሚዝ እንደ ዛሬው ሱሪ ውስጥ የሚከተት አልነበረም፤ ረጅም ነው፣ ከወገብ በታች ይንዘረፈፋል። ስሙ ወደዚያ ወደሚንዘረፈፈው ክፍል ወረደና እዚያው ቀረ። በኋላ ጠርዝ፣ ጫፍ ማለትም ሆነ። እንግሊዝኛ የከተማን ዳርቻ አውትስከርትስ የሚለው ለዚህ ነው።

እና እኛ ስከርትን ምን እንለዋለን? ጉርድ። ጉርድ ቀሚስ። ጎረደ ማለት ቆርጦ አሳጠረ ነው፣ ጉርድ ፎቶም ከደረት በላይ የተቆረጠው ነው። ሾርቱን ደግሞ ቁምጣ እንለዋለን፣ ከቆመጠ፤ ያም መቁረጥ ነው። ይሄን ሳስተውል በጣም ደስ አለኝ። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰውና እዚህ ያለ ሰው ሳይተያዩ፣ ሳይሰማሙ፣ ያጠረ ልብስ ሲያዩ ሁለቱም ትዝ ያላቸው መቀሱ ነው። ቃላቱ ግን አይዛመዱም። የተገናኘው ሐሳቡ ነው፤ ሰው የትም ሰው ስለሆነ።

ወደ ሽርጥ ልመለስ። ሸርትን ይዘን ወደ ኋላ ስንሄድ "ሽ" ትጠፋና "ስክ" ትመጣለች። ከሽርጥ ራቀ ማለት ነው። ዛሬ የሚመስሉት ሸርት ከጊዜ በኋላ ወደ ሽርጥ ድምፅ ስለተጠጋ እንጂ ከአንድ ቦታ ስለተነሱ አይደለም። ዘመዳሞች ቢሆኑ ኖሮ ወደ አያቶቻቸው በቀረብን ቁጥር እነሱም መቀራረብ ነበረባቸው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ፖስት ሲያጋጥማችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ወደ ኋላ ሲኬድ ቃላቱ ይቀራረባሉ ወይስ ይራራቃሉ?

አሁን ያንኑ ጥያቄ ለሸሚዝና ለቀሚስ እናቅርብላቸው።

ሸሚዝ የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ ለገሀርን ከሰጠን ቋንቋ። ለገሀር "ላ ጋር" ነው፣ ባቡር ጣቢያው ማለት። ቀሚስ ደግሞ ከዓረብኛ ነው። አንዱ ከፈረንሳይ በባቡሩ ዘመን፣ ሌላው ከቀይ ባሕር ማዶ ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው የመጣው። ስለዚህ መመሳሰላቸውን አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ወደ ኋላ እንሂድ። ፈረንሳይኛ የላቲኑን "ካ" ወደ "ሻ" ወይም ወደ "ሸ" የመለወጥ ልማድ አለው። ካምፕ እና ሻምፒዮን ከአንድ የላቲን ቃል የመጡ ናቸው፣ ሜዳ ከሚለው፤ አንዱ "ካ"ውን ይዞ ቀረ፣ ሌላው በፈረንሳይ በኩል አልፎ "ሻ" ሆነ። ሸሚዝንም ወደ ኋላ ብንመልሰው "ካሚሲያ" እናገኛለን። ስፓኒሾች ዛሬም ካሚሳ ይላሉ፣ ጣሊያኖች ካሚቻ። የዓረብኛው ቀሚስም የተነሳው ከዚያው ከካሚሲያ ነው፣ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን በኩል አልፎ። ወደ ኋላ ስንሄድ ተቀራረቡ ብቻ ሳይሆን አንድ ሆኑ።

ካሚሲያን ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ በላቲን ይጽፍ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቅዱስ ጄሮም ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ስለ ኦሪት ካህናት ልብስ ለአንዲት ሴት በላከው ደብዳቤ ውስጥ፣ ከገላ ጋር የሚጣበቀው የበፍታ ልብስ ወታደሮች ካሚሲያ እንደሚሉት ዓይነት ነው ብሎ ያስረዳታል። የተማረው ሰው ቃሉን የወታደር ቃል ነው ብሎ ነው የሚያነሳው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ቃሉ በቁርኣን ውስጥ አለ። በሱረቱ ዩሱፍ ወንድሞቹ የሐሰት ደም ቀብተው ያመጡት፣ ከኋላው የተቀደደው፣ በመጨረሻም የአባቱ ዓይን የበራበት ልብስ ቀሚስ ነው የሚባለው። የአማርኛውን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37ን ብትከፍቱ ያዕቆብ ለዮሴፍ ያሠራለት ኅብረ ቀለማዊ ልብስም ቀሚስ ይባላል። ያው ዮሴፍ፣ ያው ቃል። ለወንድ ልጅ የተሠራ ቀሚስ ነው። ካህናቶቻችንም እስከ ዛሬ ቀሚስ ይለብሳሉ። ቃሉ በከተማ አፍ ወደ ሴት ልብስ ብቻ እያጋደለ የመጣው በኋላ ነው፣ ሸሚዝ የወንዱን ቦታ ሲይዝ።

ይሄን ካያችሁ በኋላ ሸርትና ስከርት ላይ የሆነው እኛም ዘንድ እንደሆነ ትረዳላችሁ። አንድ ቃል በሁለት በር ገባ፣ አንዱ ለላይኛው ልብስ ሆነ፣ ሌላው ለሴት ልብስ። እንግሊዝኛ በቫይኪንጎች በር፣ እኛ በዓረብና በፈረንሳይ በር።

ገና አላለቀም። የድሮ እንግሊዝኛ ሌላም የሸሚዝ ቃል ነበረው፣ ዛሬ የሞተ፦ "ሄመዜ"። "ዜ"ዋ ምላስ ጥርስ መሐል ገብታ የምትነገር ናት። የጀርመን ወንድሟ ግን በሕይወት አለች፤ ጀርመን አገር የምትኖሩ "ሄምድ" የሚለውን በየልብስ ቤቱ ታዩታላችሁ። አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ላቲን በ"ክ" የሚጀምረውን የእነ እንግሊዝኛ ቤተሰብ በ"ህ" ይጀምረዋል። መቶ በላቲን ኬንቱም፣ በእንግሊዝኛ ሀንድረድ ነው። ውሻ ካኒስ እና ሀውንድ። ልብ ኮር እና ሀርት። እንግዲህ ካሚሲያ እና ሄመዜን በዚሁ መስመር አስቀምጧቸው። ብዙ ሊቃውንት ላቲን ካሚሲያን ያገኘው ከሰሜን ነው፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ ይኖሩ በነበሩት ጎሎች በኩል ይላሉ። የጄሮም ወታደሮች አሁን ትርጉም ሰጡ አይደል? የሰሜኑን ልብስ ከሰሜኑ ስሙ ጋር ያገኘው መጀመሪያ ድንበር ላይ የሚሰለፈው ሰው ነው።

ስለዚህ የሀበሻ ቀሚስ ውስጥ ያለው ቀሚስ እና ማንም የማያስታውሰው የድሮ እንግሊዝኛ ሄመዜ ዘመዳሞች ናቸው። ሲታዩ አንድም ነገር አይመስሉም። ሽርጥ እና ሸርት ደግሞ መንትያ ይመስላሉ፣ ምንም አይገናኙም።

አንዳንድ ሰው ቀሚስ ከውጭ የመጣ ቃል ነው ሲባል ቅር ይለዋል። ስሜቱን እረዳዋለሁ። የሀበሻ ቀሚስ የእናቶቻችን ልብስ ነው፣ በዓል ሲሆን፣ ሰርግ ሲሆን፣ በስደት ያለ ሰው ሳይቀር ከሻንጣው አውጥቶ የሚያለብሰው ነው። ግን ስሙ ተጉዞ መጣ ማለት ልብሱ ተጉዞ መጣ ማለት አይደለም። ጥጡን የፈተለችው እዚህ ያለች እናት ናት፣ የሸመነው የዶርዜ ሸማኔ ነው፣ ጥበቡና ጥልፉ የኛ እጅ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የምትገዙት ቀሚስ የላቲን ልብስ አይደለም። ስሙን ብቻ ነው መንገድ ላይ ያገኘነው፣ ያንንም የራሳችን አድርገነዋል፤ በዓረብ አገር ያላችሁ እህቶች ይህን ታውቁታላችሁ። እዚያ ሱቅ ገብታችሁ ቀሚስ ብትሉ የሚወጣላችሁ የወንድ ሸሚዝ ነው። የምትፈልጉትን ለማግኘት ፉስታን ማለት አለባችሁ።

ይሄው ቃል ሌላ ጎንም አለው፣ ሳልጠቅሰው ባልፍ ጥሩ አይሆንም። የጣሊያንኛው ካሚቻ ወደ ታሪካችን የገባው በጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባን በደም ያጠቡት እነሱ ናቸው። አያቶቻችን "ጥቁር ሸሚዝ" ሲሉ ስለ ልብስ እያወሩ አልነበረም።

በመጨረሻ፣ "ታዲያ የሸሚዝ የራሳችን ቃል ምንድን ነው?" ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ቃሉ አለ። እንደ ሄመዜ ከአፍ ወጥቶ ሊቀር የደረሰ ቃል ነው፣ ግን አልሞተም። ቤት ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ አውጡና የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ቁጥር 23ን አንብቡ። ወታደሮቹ የጌታን ልብስ ሲካፈሉ ያልቀደዱት፣ ስፌት የሌለበት፣ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራው ልብስ ስሙ እዚያ ተጽፏል። እጀ ጠባብ ይባላል።